ምርጫና ዕጣ፤ የትምህርት ሥርዐት የሰውን ዕድል እንዴት እንደሚከፍል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



«የተማረ ይግደለኝ» የሚለው አነጋገር በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ በትምህርት ላይ ምን ያህል ተስፋ እንደ ተጣለ ያስረዳል። ወላጅ በሬውን ሸጦ፣ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልከው፣ ትምህርት ከተወለዱበት ኑሮ ወደ ተሻለው የሚያሻግር ድልድይ መሆኑን ስለሚያምን ነው። እምነቱም ከንቱ አይደለም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ከሚገኙት መሐንዲሶች፣ ሐኪሞችና መምህራን መካከል ብዙዎቹ ከገጠር ጎጆ ወጥተው በዚሁ ድልድይ የተሻገሩ ናቸው።

ዳሩ ግን ድልድዩ ሁሉን እኩል አያሻግርም። በአንድ መንደር ተወልደው፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ፊደል የቆጠሩ ሁለት ልጆች ሠላሳ ዓመት ሲሞላቸው ቢታዩ፣ አንዱ በዲግሪ ተመርቆ የወር ደመወዝተኛ፣ ሌላው በቀን ሥራ የሚያድር ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። «አንዱ ጎበዝ ነበር፤ ሌላው መማር አልፈለገም» ይባልና ነገሩ ይዘጋል።

የዚህ ንግግር ዓላማ «አልፈለገም» የሚለውን ቃል መልሶ መክፈት ነው። ፍላጎት ከሰው ልብ ብቻ የሚፈልቅ ነገር አይደለም። ልጁ በስንት ዓመቱ እንዲመርጥ ይጠየቃል? ምን አይቶ ይመርጣል? መርጦ ቢሳሳት የሚመለስበት በር ተትቶለታልን? እነዚህ ሦስት ነገሮች ፍላጎቱን ይቀርጹታል። ሦስቱንም የሚወስነው ደግሞ ልጁ ሳይሆን የትምህርቱ ሥርዐት ነው። ስለዚህ «የራሱ ምርጫ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ልዩነት በብዙ መልኩ ሌሎች አስቀድመው የነደፉት ልዩነት ነው። ሰው የነደፈው ነገር ደግሞ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሮ ዝም አይባልም፤ ሊመረመርና ሊታረም ይችላል።

አንድ ውጤት፣ ሁለት ዋጋ

ፈረንሳዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ሬይሞን ቡዶን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ በትምህርት ረገድ የሚታየውን አለመተካከል ከሁለት ምንጮች የሚመነጭ አድርጎ አስረድቷል። የመጀመሪያው ምንጭ በግልጽ የሚታይ ነው። የድኻ ልጅ ተርቦ ይማራል፤ በቤቱ መጽሐፍና መብራት የለም፤ መምህሩም ብዙ ጊዜ በቂ ሥልጠና ያላገኘ ነው። በዚህ የተነሣ በፈተና የሚያገኘው ነጥብ ያንሳል። ሁለተኛው ምንጭ ግን ረቂቅ ነው። ነጥባቸው ፍጹም እኩል የሆኑ ልጆች እንኳ ከመንታ መንገድ ሲደርሱ እንደየቤተሰባቸው ኑሮ የተለያየ ምርጫ ያደርጋሉ። የባለጸጋው ልጅ ይቀጥላል፤ የድኻው ልጅ ይቆማል፤ ወይም አጭሩን መንገድ ይመርጣል።

ይህን ለመረዳት የሁለት ተማሪዎች ነገር ይታሰብ። ሁለቱም በስምንተኛ ክፍል ፈተና እኩል ነጥብ አግኝተዋል። የመጀመሪያው አባት በከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ልጁ ቢወድቅም ሌላ የሚሞክረው ነገር ይፈለግለታል። የሁለተኛው አባት ገበሬ ነው። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ወደ ወረዳው ከተማ ወርዶ ቤት መከራየት፣ በየሳምንቱም ስንቅ ለማምጣት ወደ ቀዬው መመለስ ይኖርበታል። እርሱ በመሄዱ ከብት የሚጠብቅ፣ በአጨዳ ጊዜ የሚያግዝ እጅ ይጐድላል። አራት ዓመት ደክሞ በመጨረሻ ቢወድቅ የሚባክነው የቤተሰቡ ጥሪት ነው። ልጅቱ ሴት ስትሆን ደግሞ ሌላ ዋጋ ይታከላል። በኪራይ ቤት ብቻዋን ማደሯ ወላጆቿን ያሳስባቸዋል፤ ውሃ መቅዳቱና የቤት ሥራውም ይጠብቃታል።

እንግዲህ ያገኙት ነጥብ አንድ ሲሆን፣ ለመቀጠል የሚከፍሉት ዋጋ ግን ሁለት ነው። የገበሬው ልጅ ሲቀር «አልፈለገም» ይባላል። በእውነቱ ግን ልጁና አባቱ ቁጭ ብለው ያሰቡት ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡም ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ ያለው ለአንዱ ርካሽ፣ ለሌላው ውድ ሆኖ በተሠራው መንገድ ላይ ነው።

በስንት ዓመቱ ይጠየቃል?

ከሦስቱ ጥያቄዎች የመጀመሪያው የዕድሜ ጥያቄ ነው። በዚህ ረገድ አገሮች እጅግ ይለያያሉ። በጀርመን አገር በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ልጆች አራተኛ ክፍልን ሲፈጽሙ፣ ማለት በዐሥር ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ፣ ወደ ተለያዩ ትምህርት ቤቶች ይከፈላሉ። ጂምናዝየም የሚባለው በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ ሲሆን፣ ሌሎቹ በአብዛኛው ወደ ሙያ ሥልጠና ያመራሉ። የዐሥር ዓመት ልጅ ገና የራሱን ዝንባሌ አያውቅም፤ በዚያ ዕድሜ የሚመርጠው በልጁ ስም ወላጁ ወይም መምህሩ ነው። ስለዚህም ምርጫው የልጁን ተሰጥኦ ያህል የቤቱንም ኑሮ ይመስላል።

ፊንላንድም ቀደም ሲል ልጆቿን የምትከፍለው በዐሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1977 ድረስ ግን ከሰሜኑ ክፍል ጀምራ በየተራ ሥርዐቱን ለወጠች፤ ልጆች ሁሉ በአንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት እንዲማሩና የመለያየቱ ጊዜ ወደ ዐሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ እንዲዘገይ አደረገች። ለውጡ በየአካባቢው በተለያየ ዓመት በመግባቱ፣ ተመራማሪዎች በአሮጌውና በአዲሱ ሥርዐት የተማሩትን ለማወዳደር አመቺ ሁኔታ አገኙ። ፔካሪነን፣ ኡውሲታሎና ኬር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳተሙት፣ የአባትን ገቢ ከወንድ ልጁ ገቢ ጋር የሚያያይዘው መለኪያ ከ0.30 ወደ 0.23 ወርዷል። ትርጉሙም እንዲህ ነው። በአሮጌው ሥርዐት የአንዱ አባት ገቢ ከሌላው አባት በ10 በመቶ ቢበልጥ፣ የልጁ ገቢ በአማካይ በ3 በመቶ ይበልጥ ነበር። በአዲሱ ሥርዐት ግን ብልጫው ወደ 2.3 በመቶ ዝቅ ብሏል። የሰዎቹ ባሕርይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተጠየቁበት ጊዜ ነው።

ይህ የአንዲት አገር ነገር ብቻ እንዳይመስል፣ ሀኑሼክና ቮስማን እ.ኤ.አ. በ2006 የብዙ አገሮችን የተማሪዎች ፈተና አወዳድረዋል። ልጆችን ቀደም ብለው በሚከፍሉ አገሮች፣ ከመጀመሪያ ደረጃ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲታለፍ፣ በተማሪዎች ዕውቀት መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ እንደሚሄድ አገኙ። በአንጻሩ ግን ቀደም ብሎ መክፈል የአገሩን አማካይ ውጤት ከፍ እንደሚያደርግ የሚያረጋግጥ ግልጽ ማስረጃ አላገኙም።

ምን አይቶ ይመርጣል?

ሁለተኛው ጥያቄ የማየት ጥያቄ ነው። ሰው ያላየውን አይመኝም። ካሮላይን ሆክስቢና ክሪስቶፈር ኤቨሪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ በአሜሪካ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆኑ ቤተሰቦች የተወለዱ፣ ነገር ግን በፈተና እጅግ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙ ተማሪዎች አብዛኞቹ ለታላላቆቹ ኮሌጆች ማመልከቻ እንኳ አያስገቡም። የሚያስደንቀው፣ እነዚህ ኮሌጆች ለድኻ ተማሪ ብዙ ድጎማ ስለሚሰጡ፣ የሚያስከፍሉት ክፍያ ተማሪዎቹ በመጨረሻ ከሚገቡባቸው ኮሌጆች ብዙ ጊዜ የሚያንስ መሆኑ ነው። እንግዲህ ችሎታም አልጐደለም፤ ገንዘብም ብቻውን አልከለከላቸውም። የጐደለው ሌላ ነው። ተማሪዎቹ በአብዛኛው የሚገኙት እንደ እነርሱ ጎበዝ የሆነ ጓደኛ በአጠገባቸው በሌለበት፣ ከእንዲህ ዓይነት ኮሌጅ የወጣ መምህርም በማይገኝበት ትንንሽ ስፍራ ነው። መንገዱን የሄደበት ሰው ስላላዩ መንገዱ ለእነርሱ የተሠራ አልመሰላቸውም።

ሮበርት ጄንሰን ደግሞ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትሟል። ስምንተኛ ክፍል የደረሱ ወንዶች ልጆች፣ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ሰው ምን ያህል ደመወዝ እንደሚያገኝ ሲጠየቁ፣ ግምታቸው ከእውነተኛው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በዕጣ በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ላሉ ልጆች ትክክለኛው ደመወዝ ተነገራቸው። በሚቀጥሉት አራት ዓመታት ውስጥ፣ የተነገራቸው ልጆች ካልተነገራቸው ይልቅ በአማካይ ከ0.20 እስከ 0.35 ዓመት የበለጠ ተማሩ። አንድ አጭር ንግግር የልጆችን ፍላጎት ለወጠ ማለት ነው። ዳሩ ግን እጅግ ድኻ በሆኑት ቤተሰቦች ልጆች ላይ ንግግሩ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። እነርሱ መንገዱን ቢያዩትም ለመሄጃ የሚሆን ስንቅ አልነበራቸውም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ፊት አለው። ዕውቀት ምርጫን ያቀናል፤ ባዶ እጅን ግን አይሞላም።

የሚመለስበት በር አለው?

ሦስተኛው ጥያቄ የመመለስ ጥያቄ ነው። የአማርኛው ምሳሌ «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል» ይላል። በልጅነት የተደረገ ምርጫ በጎልማሳነት ሊታረም የማይችል ከሆነ፣ የትምህርቱ ሥርዐት ውሃን በአንድ ወገን ብቻ እንደሚያሳልፍ ቫልቭ ይሆናል። አንዴ ያለፈ አይመለስም።

በዚህ ረገድ ያችው ጀርመን ሌላ ገጽታ አላት። ዱስትማን፣ ፑሃኒና ሾንበርግ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ በዐሥር ዓመታቸው በሁለቱ መንገዶች ድንበር ላይ የነበሩ ልጆችን ታሪክ እስከ ጎልማሳነታቸው ተከትለዋል። ከድንበሩ ወደ ታችኛው መንገድ የገቡት ልጆች ወደ ላይኛው ከገቡት ይልቅ በደመወዝም ሆነ በሥራ ማግኘት ያነሱ ሆነው አልተገኙም። ምክንያቱ በኋላ የሚሸጋገሩባቸው በሮች መኖራቸው ነው። የሙያ ሥልጠናው ራሱ የተከበረ፣ ከፋብሪካና ከአውደ ጥናት ጋር የተያያዘ ነው፤ የፈለገም ቆይቶ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ሊመለስ ይችላል። ይህ ግን የሚያሳየው በድንበሩ አጠገብ ያሉትን ዕጣ እንጂ፣ ከታች ርቀው የቀሩትን አይደለም። ያም ሆኖ ቀደም ብሎ የመክፈልን ጉዳት የሚያለዝበው የመመለሻ በር መኖሩ እንደሆነ ያስረዳል።

በኢትዮጵያ የታየው

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዞ የኢትዮጵያን የትምህርት ታሪክ ለሚመለከት ሰው ብዙ ነገር ይገለጥለታል። በ1964 ዓ.ም. «የትምህርት ዘርፍ ጥናት»፣ በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» የተባለ ሰፊ ጥናት ተካሄደ። ጥናቱ ትምህርቱ ተማሪን ለሚቀጥለው ክፍል ፈተና ከማዘጋጀት በቀር ለኑሮው አይጠቅመውም ሲል ነቀፈ፤ ብዙኃኑ የገጠር ሕፃናት በፍጥነትና በአነስተኛ ወጪ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኙ ሐሳብ አቀረበ። ነቀፌታው እውነት ነበረው። ነገር ግን ጽሑፉ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆይቶ ወሬው ቀድሞ ተሰማ። ወላጆችና መምህራን ነገሩን «ለድኻ ልጅ አራተኛ ክፍል ይበቃዋል» ማለት ነው ብለው ተረዱት፤ መምህራኑ ደግሞ ደመወዛቸው እንዳይነካ ሠጉ። በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ሕዝቡ የተቃወመው አጭር ትምህርትን ወይም የእጅ ሙያን አልነበረም ቢባል ከእውነት አይርቅም። የተቃወመው በእርሱ ልጅ ላይ ብቻ የሚዘጋ የመሰለውን በር ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ መለያውን በዐሥረኛ ክፍል መጨረሻ ላይ አቆመው። ብሔራዊ ፈተናውን በከፍተኛ ነጥብ ያለፈው ወደ መሰናዶ ትምህርት ሲገባ፣ ለመሰናዶ ያልበቃው ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ እንዲሄድ ሆነ። የዐሥረኛ ክፍል ፈተና በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ እስኪቀር ድረስ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ የብዙ መቶ ሺህ ልጆች ዕጣ የተወሰነው በዚህ ደጃፍ ላይ ነበር። የዕድሜው ነገር ከጀርመን ይልቅ ከፊንላንድ ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ጉድለቱ በዕድሜው አልነበረም። ጉድለቱ መንገዶቹ የተሰየሙበት መንገድ ነው። ሙያ «የተመረጠ» ሳይሆን «የተወደቀበት» ስፍራ ተደረገ። አንድ ወጣት ብየዳ ወይም የኤሌክትሪክ ሥራ እየወደደ እንኳ ቢገባ፣ በሰው ዓይን የወደቀ ሆኖ ይታይ ነበር። ከሙያ ማሠልጠኛ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደውም መንገድ ጠባብ ነበር። ጥሩ ፎርማን፣ ጥሩ ሰርቬየርና ጥሩ በያጅ በማጣት ሥራው የተበላሸበት መሐንዲስ ሁሉ የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

በ2000 ዓ.ም. የተነደፈው የሰባ ሠላሳ ድልድል ደግሞ ሌላ መልክ ነበረው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች ከመቶ ሰባው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ተወሰነ፤ ከሰባውም አርባው የምሕንድስናና የቴክኖሎጂ ድርሻ ሆነ። ተማሪው የምርጫ ፎርም ይሞላ ነበር፤ ሆኖም ወንበሩ በቁጥር አስቀድሞ ስለ ተከፈለ፣ ብዙው ወጣት ወደ ምሕንድስና የገባው ወንበሩ በዚያ ስለነበረ ነው። ቤተ ሙከራው፣ አውደ ጥናቱና መምህሩ ግን ከተማሪው ቁጥር እኩል አላደጉም። ከዚህም የተነሣ የምሕንድስና ዲግሪ ይዘው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች በዙ። ፎርሙን በገዛ እጃቸው ስለ ሞሉ የደረሰባቸው ሁሉ «ምርጫቸው» ተብሎ ተቆጠረ። የትኛው ሙያ ምን ያህል ሰው እንደሚቀጥር፣ ምን ያህልስ እንደሚከፍል የሚያሳይ ዝርዝር ግን ከፎርሙ ጋር አልቀረበላቸውም።

ቀጥሎ የመጣው የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። የፈተና ስርቆትን ለማስቀረት ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው እንዲፈተኑ ተደርጎ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲሰጥ፣ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በሚቀጥለው ዙር 3.2፣ ከዚያም በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። በሁለተኛው ዙር 1,328 ትምህርት ቤቶች፣ ከመቶ አርባ ሦስት ያህሉ ማለት ነው፣ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ለወደቁት መካከል የተሻለ ነጥብ ላገኙት የማካካሻ ትምህርት መከፈቱ ጥሩ የመመለሻ በር ነበር፤ የብዙኃኑን ችግር ግን አልነካም።

መለኪያው ትክክለኛ ሆኖ መጥፎ ዜና ቢናገር መሐንዲስ በመለኪያው አይቆጣም። ነገር ግን አንድ ድልድይ ሲወድቅ በመጨረሻ ያለፈውን የጭነት መኪና ብቻ ጥፋተኛ ማድረግም አይገባም። ከዐሥር ትምህርት ቤቶች አራቱ አንድ ልጅ እንኳ ሳያሳልፉ ሲቀሩ፣ ነገሩ በልጆቹ ስንፍና ሊተረጐም አይችልም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በከተማ ከፍሎ የሚማረው ልጅ ቋንቋውን ከሕፃንነቱ ሲለምደው፣ የገጠሩ ልጅ ፊዚክስንና ቋንቋውን በአንድ ላይ ይጀምራል። ከዚያም ከእርሱ በፊት በዚያ ትምህርት ቤት የተፈተኑት ሁሉ መውደቃቸውን ይሰማል። እንዲህ ያለው ልጅ በዐሥረኛ ክፍል ትምህርቱን ትቶ ወደ ከተማ ለቀን ሥራ ቢሄድ፣ ወይም ልጅቱ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ብትነሣ፣ «አልፈለገም፣ አልፈለገችም» ማለት ይቻላልን? ቤተሰቡ ያየውን አይቶ ያሰበውን ሒሳብ ፍላጎት ብሎ መሰየም፣ ጥፋቱን ከሠሪው ወደ ተሠራበት ማሸጋገር ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

በዚህ ላይ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ «የድኻ ልጅ ከፈተና በቀር ምን መሣሪያ አለው?» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ፈተና ባይኖር ቦታው ሁሉ በዘመድና በገንዘብ ይያዝ ነበር። በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛቶች ጎበዝ ልጆችን ተቀብሎ ብዙ ምሁራን ማፍራቱ አይረሳም። ሆኖም የዚያ ትምህርት ቤት ምስጢር መምረጡ ብቻ አልነበረም፤ አዳሪ ቤት መሆኑም ጭምር ነው። ልጁን ሲመርጠው ምግቡንና መኝታውንም አብሮ ሰጠው። ከላይ «ሁለተኛው ዋጋ» የተባለውን ከገበሬው አባት ትከሻ ላይ አነሣለት። ስለዚህ ፈተናው ይኑር፤ ነገር ግን ፈተናው የልጁን ችሎታ ይለካ ዘንድ፣ የአባቱን ጎተራ የሚለካው ነገር አስቀድሞ ይነሣ።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ዝንባሌ የለውም፤ ሁሉም መሐንዲስ መሆን አይችልም፤ መሆንም አይገባውም» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። የዚህ ንግግር ምኞት ሁሉ አንድ ዓይነት ዕጣ እንዲኖረው አይደለም። ይሁን እንጂ ምርጫ በእውነት ነፃ መሆኑን ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ሰው ይሄድበታልን? ልዩነቱ የዝንባሌ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከባለጸጋ ቤትም ቢሆን ግንበኝነትን፣ መካኒክነትንና ብየዳን ወደው የሚመርጡ ልጆች በብዛት በታዩ ነበር። ዝንባሌ የአባትን ደመወዝ ጠይቆ አይወለድምና። የአንዱ ወገን ልጆች ሁልጊዜ ወደ አንድ በር፣ የሌላው ወገን ልጆች ሁልጊዜ ወደ ሌላ በር ከሄዱ፣ በመካከሉ ያለው ነገር ዝንባሌ ሳይሆን ቁልቁለት ነው። ውሃ ወደ ቁልቁለት ሲወርድ መረጠ አይባልም።

የማኅበሩ ድርሻ

ይህ ሁሉ የትምህርት ሚኒስቴር ጉዳይ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ፣ ከመሐንዲሶች እጅ ያለው ድርሻ ቀላል አይደለም። ሦስቱም ጥያቄዎች በሙያው ደጃፍ ላይ ይደርሳሉ።

አንደኛ፣ ማሳየት ነው። በየክልሉ መንገድ፣ ግድብ፣ ፋብሪካና ሕንፃ የሚሠሩ መሐንዲሶች አሉ። በሥራው ስፍራ አጠገብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገኛል። የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በዓመት አንድ ቀን መጥተው ቢጎበኙ፣ መሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን ሰርቬየሩ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያውና የማሽን ኦፕሬተሩ ሥራቸውን ቢያስረዷቸው፣ ወጪው ጥቂት ነው። ንግግሩ የሙያውን ክብር ብቻ ሳይሆን ደመወዙን፣ ድካሙንና ሥራ የማግኘቱን ችግር በእውነት የሚገልጥ ሊሆን ይገባል። ያማረውን ብቻ መንገር ሌላ ዓይነት ጨለማ ነው።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ማውጣት ነው። ማኅበሩ ከአባላቱና ከቀጣሪ ድርጅቶች እየጠየቀ፣ በየዘርፉ የተመረቁት በስንት ጊዜ ሥራ እንዳገኙና በምን ያህል ደመወዝ እንደ ተቀጠሩ በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ቢያሳትም፣ ተማሪው የምርጫ ፎርሙን በጨለማ አይሞላም። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተገኘው ማስረጃ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ፍላጎትን እንደሚያቀና ያሳያል።

ሦስተኛ፣ የመመለሻውን በር መክፈት ነው። በሥራ ላይ ብቃቱን ያስመሰከረ የሙያ ተመራቂ በወረቀት ብቻ ታግዶ በአንድ ደረጃ ላይ እንዳይቀር፣ ቀጣሪዎች ችሎታውን ፈትነው የሚያሳድጉበት፣ በማታ ትምህርትም ወደ ዲግሪ የሚያደርሱበት መሰላል ሊኖር ይገባል። አንድ ፎርማን ዐሥራ አምስት ዓመት ሠርቶ ከትናንት ተመራቂ በታች የሚያድር ከሆነ፣ ልጁን ወደ ሙያ ትምህርት ቤት እንዲልክ የሚመክረው ማን ነው?

አራተኛ፣ ስንቁ ነው። መንገዱን አይቶ መሄጃ ላጣው ልጅ ምክር አይበቃውም። አባላት በትንሽ መዋጮ በአንድ ወረዳ ከተማ ለጥቂት የገጠር ልጆች፣ በተለይም ለሴቶች፣ የሚያድሩበት ቤትና የሚበሉት እህል ቢያዘጋጁ፣ ለመቀጠል የሚከፈለው ዋጋ ለሁለቱ ልጆች ወደ መስተካከል ይቀርባል። ሥራው ትንሽ ነው፤ ግን በዓይን ይታያል፤ ይለካል፤ ከሠመረም ሌላ ወረዳ ይጨመርበታል።

የትምህርት ሥርዐት የሰውን ልብ አይፈጥርም። ልብ የሚሄድበትን መንገድ ግን ይሠራል፤ የመንገዱንም ስፋት፣ ቁልቁለትና መመለሻ ይወስናል። መንገድ የሚሠሩ ሰዎች የተሰበሰቡበት ማኅበር ይህን ለመረዳት ከሌላው ይልቅ ቅርብ ነው። አንድ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ሲቀር፣ «ለምን አልፈለገም?» ከማለት በፊት «በየት በኩል እንዲያልፍ ተሠርቶለት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጥያቄው በየሥራው ስፍራ፣ በየቅጥሩና በየደመወዙ ውሳኔ ላይ ቢነሣ፣ ከንግግር ይልቅ ብዙ ይሠራል።